ያሳጠርኩትን መልሼ ሳስረዝም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ነገሩ የተነሣው ረቡዕ ጠዋት፣ ካርድ ክፍል ገና ሳይከፈት ነው። በጤና ጣቢያችን ኮሪደር ሰሌዳ ላይ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ግማሽ ገጽ እለጥፋለሁ። አንድ የታተመ ጥናት እመርጥና በአማርኛ አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ድረስ ለሥልጠና መመላለስ ለሰለቸው ባልደረባ ይጠቅማል ብዬ በራሴ የጀመርኩት ነው።

ገና በቅርቡ የተመደበች ነርስ ሰሌዳው ፊት ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ የጎደጎደ፣ ራሱንም የሳተ ልጅ ቢመጣም ፈሳሽ አንሰጠውም ማለት ነው?»

ክው አልኩ። «ለከባድ የፈሳሽ እጥረት የሚሰጠው ፕላን ሲ ነው እንጂ! በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ በደም ሥር፣ ወዲያውኑ።»

«እኛም እንደዚያ ነው የተማርነው። ግን እርስዎ የለጠፉት...»

አላስጨረስኳትም። ወረቀቱን ከሰሌዳው ገነጠልኩት።

የለጠፍኩት ፊስት ስለሚባለው ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ሲሆን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3141 ሕፃናትን በዕጣ በሦስት ይከፍላል። አንዱ ቡድን አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ)፣ ሁለተኛው ሳላይን (የጨው ውኃ) በፍጥነት ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው እንዲህ ያለ ፈጣን ፈሳሽ አይሰጠውም። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት እንደ ቅደም ተከተላቸው 10.6፣ 10.5 እና 7.3 በመቶ ናቸው። እኔ የጻፍኩት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በጠና በታመሙ ሕፃናት ላይ ፈሳሽ መስጠት ሞትን እንደሚጨምር አንድ ትልቅ ጥናት አሳየ።»

ማታ ቤት ገብቼ አብስትራክቱን፣ ማለትም ከጥናቱ ፊት የሚቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ፣ አወጣሁት። «የምግብ እጥረት ወይም ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው ሕፃናት አልተካተቱም» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁሉም ሕፃናት የተለመደውን በዝግታ የሚሰጥ ፈሳሽ አግኝተዋል የሚለውም አለ። አብስትራክቱ አላጠፋም። ግማሽ ገጽ እንዲበቃልኝ ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «ቦለስ» (በአንድ ጊዜ በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚለውን «ፈሳሽ» ብቻ አልኩት፤ ተቅማጥ ያለበትን ልጅ ከውጭ ያስቀረችውን ዐረፍተ ነገር ጣልኳት። ነርሷ ባትጠይቀኝስ ኖሮ?

እስካሁን 20 ግማሽ ገጽ ለጥፌአለሁ። ሃያውንም የጻፍኩት ከአብስትራክት ነው፤ የአንዱንም ሙሉ ጽሑፍ ከፍቼ አላየሁም። አብስትራክት አንብቤ «ጥናት አነበብኩ» ስል ነው የኖርኩት። (በደንበኛው አማርኛ «አኅጽሮተ ጥናት» ይባላል። እዚህ ሰፈር ግን እንደዚያ የሚለው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ የተመራቂ ተማሪ ወረቀት የሚጠርዘው ልጅ ሳይቀር አብስትራክት ነው የሚለው።)

እንግዲህ ሥራው ይኼ ነው። ለሃያዎቹ ሁሉ ሙሉውን ጽሑፍ ፈልጌ፣ ሙሉውን፣ አብስትራክቱንና የራሴን ግማሽ ገጽ ጎን ለጎን አስተያያለሁ። የት ላይ ምን እንደወደቀ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የዛሬ ውሎዬ ፍለጋ ብቻ ነበር። ውኃ በፈረቃ የምትመጣበት ቀን ስለሆነ በየመሀሉ እየተነሣሁ ጀሪካን ስሞላ፣ ኔትወርኩም ሄድ መጣ ሲል፣ እስከ ማታ 16 አገኘሁ። የአገር ውስጦቹ አላስቸገሩኝም፤ ሙሉው በነፃ ተለቋል። አራቱ የውጭዎቹ ግን ክፈሉ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ (ጥናቶችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያስነብብ አገልግሎት) ለእንደኛ ዓይነት አገር ነበር የታሰበው፤ የሚከፈተው ግን በተቋም የይለፍ ቃል ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ለአራቱ ደራሲዎች ኢሜይል ላክሁ።

ከአብስትራክት ብቻ መጻፍ ለምን እንደቀለለኝ አሁን ገባኝ። ስንፍና ብቻ አይደለም። አብስትራክቱ ለማንም ክፍት ነው፣ በስልክ ይነበባል፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሙሉው ገንዘብ፣ መብራትና ሌሊት ይፈልጋል።

አሥራ ስድስቱን ከብሎካችን ሥር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩና በአንድ የዘይት ካርቶን ከተትኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

በቁጥር ጀመርኩ። ዘዴው ከራሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፒትኪንና ባልደረቦቹ የስድስት ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶችን አብስትራክት ሲመረምሩ ሁለት ነገር ነበር የሚጠይቁት፦ አብስትራክቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሙሉው ጋር ይጣላል ወይ? ጭራሹኑስ ሙሉው ውስጥ የሌለ ነው ወይ? ከሁለቱ አንዱን ያጎደለው እንደ መጽሔቱ ከ18 እስከ 68 በመቶ ደርሶባቸዋል። ደህና ነው በተባለው መጽሔት እንኳ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ዓለም የሚያከብራቸው መጽሔቶች ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ የተባዙ አይደሉም።

አሠራሬ፦ አብስትራክቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ በቀይ አከብባለሁ፣ ከዚያ ሠንጠረዡ ውስጥ አድኜ ሳገኘው በሰማያዊ እሰርዘዋለሁ። መጨረሻ ላይ ቀይ ሆኖ የቀረ ካለ ጥያቄ አለበት። ለአንዱ ወረቀት ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሦስት ወረቀት ብቻ ጨረስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ቁጥሮቹ በአብዛኛው ይገኛሉ። የሚጣሉት ባብዛኛው በአስርዮሽ ነው፤ ወደ ላይ ማጠጋጋት፣ ወደ ታች ማጠጋጋት። ብዙ የሚባል የለውም፣ አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አሳቀኝ። ከአገር ውስጦቹ ጥናቶች አንዳንዶቹ ላይ 422 የምትል ቁጥር ትመላለሳለች፣ አንዳንዴም 423። በአጋጣሚ እንዳልሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ አስረዳኝ። ስታትስቲክስ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ እዚያ ነው ያለው። ስለ ነገሩ ቀድሞ የተጠና መረጃ ከሌለ 50 በመቶ ተብሎ ይገመታል፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ይደረጋል፣ በቀመሩ ሲሠራ 384 ይመጣል፤ ፈቃደኛ ባይሆኑስ ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422። «ሲስተር፣ ይቺ ቁጥርኮ የኛ አገር ተመራቂ ሁሉ የክርስትና ስም ናት» አለኝ።

ሳቃችን ሲያባራ ግን ቁም ነገር ወጣው። አብስትራክቱ «422 እናቶች ተመርጠው» ካለ በኋላ በመቶኛ ይቀጥላል። መቶኛው የተሰላው ቅጹን በትክክል ከሞሉት ነው፤ የእነሱ ቁጥር ደግሞ ሠንጠረዥ 1 ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ችግር የለውም። እኔ ግን ግማሽ ገጼ ላይ መቶኛውን በ422 አባዝቼ «ይኼን ያህል እናቶች» ብዬ የሰው ቁጥር አውጥቼበታለሁ። የሌሉ እናቶች ፈጥሬአለሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዋልኩ። ኤችፒቲኤን 052 ይባላል፣ እሱም የ2011 ነው (እ.ኤ.አ.)። በዘጠኝ አገሮች ከጥንዶቹ አንዱ የኤችአይቪ ቫይረስ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 1763 ጥንዶች። መድኃኒቱን ቶሎ የጀመሩና ዘግይተው የሚጀምሩ ተብለው በዕጣ ተከፈሉ። «ሕክምና መከላከያም ነው» የሚለውን ነገር ዓለም የተቀበለው በዋናነት በዚህ ጥናት ነው።

አብስትራክቱ፦ በጠቅላላው 39 ሰዎች ተያዙ፤ ከእነዚህ 28ቱ የያዛቸው ቫይረስ ከትዳር ጓደኛቸው እንደመጣ በምርመራ ተረጋገጠ፤ ከ28ቱ ደግሞ ቶሎ ከጀመሩት ወገን 1 ብቻ።

እኔ የለጠፍኩት፦ «መድኃኒቱን ቶሎ ከጀመሩት ጥንዶች አንድ ሰው ብቻ ተያዘ፤ 96 በመቶ ይከላከላል።»

ሙሉውን ከፈትኩ። ከ39ኙ ቶሎ በጀመሩት ወገን የተያዙት 4 ናቸው፣ ዘግይተው በሚጀምሩት ወገን 35። አራት እንጂ አንድ አይደለም! ሦስቱ ከትዳር ጓደኛቸው እንደመጣ ያልተረጋገጠ ነው። አብስትራክቱ አልዋሸም፤ 39ኙንም 28ቱንም ጽፏል። አራቷን ግን አልጻፋትም፣ እኔም «ከ28ቱ» የምትለውን ቃል ዋጥኳት።

ልዩነቱ ተራ ይመስላል፤ ኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ገብቶ ለሚያማክር ሰው ግን ሌላ ነው። «ባልሽ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ ከእሱ አይተላለፍብሽም ማለት ይቻላል» እና «አትያዢም» ሁለት ምክር ናቸው። ሁለተኛው ከቤት ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ይረሳል። ግማሽ ገጼን ያነበበ አማካሪ ሁለተኛውን ቢናገር በምን እፈርድበታለሁ?

ሌላም ነገር አየሁ፦ ከጥንዶቹ 97 በመቶው ወንድና ሴት ናቸው። ለእኛ አገር ይኼ የሚያሳስብ አይደለም፣ ለሌላው ሊያሳስብ ይችላል። አብስትራክቱ ላይ የለም።

እስካሁን የታየኝ፦ የሚወድቀው ቁጥር ሳይሆን ወሰን ነው። ከማን መካከል? ከማን በስተቀር? በምን ሁኔታ? ከሙሉው ወደ አብስትራክት ሲወርድ ግማሹ ይቀራል፣ ከአብስትራክት ወደ እኔ ሲወርድ ቀሪው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሁለተኛ አንባቢ አገኘሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። «ብቻዎትን ምልክት ካደረጉበት የእርስዎ አስተያየት እንጂ መረጃ አይባልም» ብሎኝ ነበር፤ «እንግዲያው አንተው ና» አልኩት። በምሳ ጋበዝኩት፣ የጽጌን ጾም ስለምጾም ሽሮ ነበር፤ አልተከፋም።

ለየብቻችን ተቀምጠን አሥራ ስድስቱን አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው፦ የአብስትራክቱ መደምደሚያ ከውጤቱ በላይ ሄዷል ወይ? እኔ 8ቱን «አዎ» አልኩ፣ እሱ 6ቱን። በ5ቱ ሁለታችንም «አዎ»፣ በ7ቱ ሁለታችንም «አይደለም»። በ4ቱ ተለያየን።

«ከ16 በ12 ተስማማን፣ 75 በመቶ፣ ሸጋ ነው» አልኩ።

«አይደለም ሲስተር።» እስክሪብቶውን አነሣ። «እርስዎ ግማሹን አዎ ብለዋል። ሳያነቡ ሳንቲም እየጣሉ ቢመልሱም ግማሹን ያህል አዎ ይሉ ነበር። እኔ 6 ከ16። ሁለታችንም በጭፍን ብንመልስ በአጋጣሚ 50 በመቶ እንስማማ ነበር።» ካፓ የሚባለው ስሌት ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ይቀንሰዋል፤ 0.75 ሲቀነስ 0.50፣ ለቀሪው 0.50 ሲካፈል፣ 0.5። ከሙሉ ስምምነት ግማሽ መንገድ። «መካከለኛ» ይባላል አለኝ፣ ላለማስከፋት ይመስለኛል።

የተለያየንባቸውን አራቱን አንድ በአንድ አነሣናቸው። ሦስቱ ላይ እኔ «አዎ» ብዬ እሱ «አይደለም» ብሏል። ሲያፋጥጠኝ ምክንያቴ ፈረሰ። ሦስቱም የሚያልቁት «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ልዩ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» በምትለዋ ዐረፍተ ነገር ነው። ይቺን ዐረፍተ ነገር ስብሰባ ላይ፣ ሪፖርት ላይ፣ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ሰምቼ ስላንገፈገፈችኝ ቀጣኋቸው። ባዶ መሆንና ማጋነን ይለያያሉ።

አንዱ ላይ ደግሞ ልጁ «አዎ» ብሎ እኔ «አይደለም» ብያለሁ። ስለ እናቶች የጤና ትምህርት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቀው የተጻፈ ጥናት፤ ማን ይቅደም ማን ይከተል አይታወቅም። መደምደሚያው ግን ትምህርቱ ለውጡን «አመጣ» ይላል። እንዴት አለፈኝ? ወድጄው ነዋ። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ እናቶችን የማስተምር ሰው «ትምህርትሽ ውጤት አመጣ» ሲባል ግሡን ይመረምራል?

ልጁ ምንም አላለም። ሽሮውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ይኼ ነገር የእኔ ብቻ ድክመት አለመሆኑን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢዛቤል ቡትሮንና ባልደረቦቿ ዋናው መለኪያቸው ልዩነት ያላሳየ 72 የሕክምና ሙከራዎችን ወሰዱ። ባጭሩ «አልሠራም» የሆኑ ናቸው። ከአብስትራክቶቹ መደምደሚያ 58.3 በመቶው ነገሩን አሳምሮ አቅርቦታል፤ ወይ ዋናውን ትቶ ንኡሱን ውጤት ያነሣል፣ ወይ ከተሳታፊዎቹ ለተወሰኑት የሠራውን ይዞ ይሮጣል። የሙሉው ጽሑፍ መደምደሚያም ንጹሕ አይደለም፣ 50 በመቶ።

ቆይታ ደግሞ በ2014 አንባቢውን ፈተነችው። 300 ሐኪሞች፣ ሁሉም ራሳቸው ጥናት ያሳተሙ ሰዎች፣ ስለ ካንሰር ሕክምና አብስትራክት በዕጣ ታደላቸው፦ ለግማሹ እንደታተመው የተሽሞነሞነው፣ ለግማሹ ሽሙንሙኑ የወጣለት። «ሕክምናው ይጠቅማል ብለህ ታምናለህ?» ሲባሉ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ የተሽሞነሞነውን ያነበቡት 3.6፣ ሌሎቹ 2.9 ሰጡ። ልዩነቱ ሰፊ አይደለም። ግን ውጤቱ አንድ ነው፣ ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው፤ አንባቢዎቹም ጥናት መጻፍ የሚያውቁ ናቸው። እኛ ኮሪደር ላይ ቆመን የምናነበውስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጥያቄያችንን ሰበርነው። «አጋንኗል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሆድን መጠየቅ ነው። በምትኩ ሦስት፣ በጣት የሚታዩ ነገሮች፦ ጥናቱ ሊለካ የተነሣው ዋናው ነገር መደምደሚያው ላይ ተጠቅሷል? ግሡ ከጥናቱ ዓይነት ጋር ይሄዳል? እነማን እንዳልተካተቱ ተጽፏል? እንደገና ስንመልስ የተለያየነው በአንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ግሡ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዝኛው «ተያያዥ ሆኖ ተገኘ» ያለውን እኔ አማርኛዬ እንዲጥም ብዬ «ምክንያት ነው»፣ «ያስከትላል»፣ «ያጋልጣል» እያልኩ ነው የኖርኩት። በተለይ «ያጋልጣል» የልማድ ቃሌ ነች፤ ጥናት ስጽፍ እጄ ራሱ ይሄድባታል። «ተያያዥ» ይጎረብጣል፣ እውነት ነው። ግን ጉርብጥብጡ ነው ትክክሉ።

«ሦስት እጥፍ» የሚለውም እንዲሁ። ልጁ አብስትራክቱን በጣቱ እየተከተለ «ይኼ እጥፍ የሚሉት ነገር ሠንጠረዡ ላይ የለም፤ ያለው ኦድስ ሬሾ ነው» አለኝ። አልገባኝም። በካርቶኑ ጎን ላይ ሠራልኝ፦ እንበል፣ ካልተማሩት መቶ እናቶች 50ው ጤና ተቋም ወለዱ። የወለዱና ያልወለዱ 50 ለ50፣ ሬሾው 1። ከተማሩት መቶ 75ቱ ወለዱ። 75 ለ25፣ ሬሾው 3። ኦድስ ሬሾ 3 ሆነ። «አሁን 75 የ50 ስንት እጥፍ ነው?»

አንድ ተኩል።

ነገሩ ብርቅ ሲሆን፣ ከመቶ አንድና ሁለት ሰው ላይ ብቻ ሲታይ፣ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ግማሽ ሕዝብ ላይ የሚታይ ሲሆን ግን ይራራቃሉ። የእኛ ጥናቶች ደግሞ የሚለኩት ባብዛኛው የተለመደ ነገር ነው። የለጠፍኳቸውን «እጥፍ» ሁሉ በቀይ ከበብኩ። ስንት እንደሆኑ እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ልጁ ሁሉንም ደምረን በመቶኛ እናስቀምጠው ይላል። እምቢ አልኩ። እኔ ደስ ያሉኝን መርጬ የለጠፍኳቸው፣ ከዚያም ሙሉው የተገኘልኝ ብቻ፤ ከእንዲህ ያለ ክምር መቶኛ ቢወጣ የሚናገረው ስለ እኔ ምርጫ እንጂ ስለ አብስትራክት አይደለም። «እሺ፣ ቢያንስ ይኼን ያውቃሉ» አለኝ። ሙገሳ ነው ብዬ ያዝኩት። እሱ እንዳለው ከሆነ በ2018 (እ.ኤ.አ.) 15 ሚሊዮን ሙሉ ጽሑፍ ከየአብስትራክቱ ጋር በኮምፒውተር ያወዳደሩ አሉ፤ ማሽኑም ከሙሉው ነው የበለጠ ያገኘው። እኛ አሥራ ስድስት ላይ ወገባችን ተቆረጠ።

አሁን ጥያቄው ወደፊት እንዴት ልጻፍ የሚለው ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ከላይ «ማሳሰቢያ፦ ወሰኑን አትርሺ» ብሎ ለራሴ መለጠፍ ነበር። ይኼ እንደማይሠራ ግን ተሞክሮ ታይቷል። ያው ፒትኪን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፋቸውን ለሚያስተካክሉ ደራሲዎች ለግማሾቹ በዕጣ መርጦ ስለ አብስትራክት ልዩ መመሪያ ላከላቸው። መመሪያ ከደረሳቸው 28 በመቶው ላይ ጉድለት ተገኘ፣ ካልደረሳቸው 26 በመቶው ላይ። ምክር ሰምቶ የተሻሻለ የለም።

ስለዚህ ማሳሰቢያ ሳይሆን ባዶ ቦታ አደርጋለሁ። ቅጹ ላይ ከርዕሱ ቀጥሎ «ለእነማን አይሆንም» የሚል መስመር፣ ከጎኑ «ሙሉው ላይ ገጽ ስንት» የሚል ሳጥን። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ አይለጠፍም። ኮንሶርት የሚባለው፣ የሕክምና ሙከራዎች እንዴት እንደሚጻፉ መመሪያ የሚያወጣው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ለአብስትራክት ያወጣው ዝርዝርም ማን እንደተካተተ፣ የት እንደተሠራ፣ ምን ጉዳት እንደታየ ይጻፍ ይላል፤ ከእሱ «የት» የሚለውንና ጉዳቱንም ወሰድኩ። ግማሽ ገጹ አንድ ገጽ ሊሆን ነው። ይሁን።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማውን የፈጀው በሽታ መታሰቢያ፤ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ በጭስ ነበር። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር ያስቀመጥኩት ካርቶን የለም።

«አባባ፣ እዚህ የነበረ ካርቶን አይተዋል?»

«ያ የዘይቱ? አጠንነው!» አሉ ዘበኛው፣ ፊታቸው በርቶ። «ወረቀቱ ግሩም አድርጎ ተያያዘ።»

ምን ይባላል? ደረጃ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ፣ በቆሻሻ ቀን። የተረፉት ቤት ይዣቸው የወጣሁት ሰባት ናቸው። ዘጠኙ ከነቀይና ሰማያዊ ክባቸው ሄደዋል። የልጁ የመልስ ወረቀት በስልኩ ፎቶ አለው፤ የእኔ የለም። ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሲስተር፣ ለበሽታ መከላከል ዋለልኮ!»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዘጠኙን እንደገና አሳትሜ እንደገና ሠራሁ። ልጁ ሳያሳየኝ ይዞት የቆየ ማስታወሻ ነበረው፤ ከጥቅምት 29 መልሶቻችን ስንተያይ የእኔን በጎን ጽፎት ኖሯል። አወዳደርነው። በሁለት ወረቀቶች ላይ ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ያኔ «እነማን እንዳልተካተቱ ተጽፏል» ብዬ ነበር፣ አሁን «አልተጻፈም»። ያኔ ሙሉውን ቀድሜ ስላነበብኩ አብስትራክቱ ላይ ያነበብኩት መስሎኝ ነው። አሁን መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ነጥብ ሰጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ሙሉውን። አባባ ባያቃጥሉት ይኼን አላውቀውም ነበር፤ እሳቸውን ግን ላመሰግናቸው አልቸኮልኩም።

ከአራቱ ደራሲዎች አንዱ መለሰልኝ፤ ሙሉውን አያይዞ፣ በሁለት መስመር መልካም ምኞት። አሥራ ሰባተኛ ሆነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

የፊስቱን አዲሱን ለጠፍኩ። «ለእነማን አይሆንም፦ ተቅማጥና ትውከት ላለባቸው፣ የምግብ እጥረት ላለባቸው» የሚለው በትልቁ፣ ከላይ። ያቺኑ ነርስ ጠራሁና «አንብቢና እኔን እንደ ተማሪ ንገሪኝ» አልኳት። ተናገረች። ምንም አልሳተችም።

ከዚያ ቆም ብላ፣ «ሲስተር፣ የእነዚያ ሆስፒታሎች ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረው የሚያስተነፍሱበት ማሽን ነበራቸው?»

ግማሽ ገጹ ላይ የለም። አብስትራክቱም ላይ «አቅም ውስን በሆነበት» ከሚል በቀር የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ሙሉው አለ፣ አሁን ይዤው ነው የምዞረው። ካርድ ክፍል ወረፋ እየተሠለፈ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግተን ፈለግን። የዘዴው ክፍል ውስጥ ነበር፦ ለአጭር ጊዜ በእጅ ከሚጨመቀው ከረጢት በስተቀር በየትኛውም ጣቢያ ማሽን አልነበረም።

«እንደኛ ነው» አለች።

«እንደኛ ነው» አልኩና በእስክሪብቶ ከሥር ጨመርኩት፣ ከነገጹ።